መጀመሪያ ምን ይነበብ? ከመመረቂያ ሥራ ተነስቶ ፋርማሲ የገባ የመድኃኒት ብልቃጥ

በ2002 ዲቦራ አድለር የምትባል የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ኒውዮርክ በሚገኘው ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ የማስተርስ መመረቂያ ሥራዋን አቀረበች። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሥራዋ ፖስተር አልነበረም፣ መጽሔትም አልነበረም። የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያንን ብርቱካናማ የፕላስቲክ ብልቃጥ ወስዳ ከነጽሑፉ እንደ አዲስ አሰበችው። ስሙን ሴፍ አርኤክስ አለችው። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2005 መጀመሪያ፣ ክሊር አርኤክስ በሚል ስም ታርጌት የተባለው ግዙፍ የሱቅ ሰንሰለት ፋርማሲዎች ውስጥ ሥራ ጀመረ። ኋላም የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ከስብስቡ ውስጥ አስገባው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። የዲዛይን ተማሪ ስለ ጤና ግንዛቤ አንድ ነገር ሥራ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ፖስተር ይሠራል። ሪባን፣ የልብ ሥዕል፣ ደማቅ ቀለም፣ አንድ መፈክር። ፖስተር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግን ፖስተሩን ያየው ሰው ቤቱ ገብቶ መድኃኒቱን ሲያነሳ ከፊቱ ያለው ጽሑፍ ሌላ ነው። በጣም ደቃቅ ነው። የተጨናነቀ ነው። ዲዛይነር ነክቶት አያውቅም። የሰውየው ጤና ደግሞ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። አድለር ሥራዋን ይዛ የገባችው እዚያ ነው።

መነሻው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ሴት አያቷ ተሳስተው የባለቤታቸውን መድኃኒት ዋጡ። ሁለቱም መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ሁለቱም አንድ ቤት ይኖራሉ፣ ብልቃጦቹ ደግሞ ቁርጥ አንድ ናቸው። የማን እንደሆነ የሚለየው ስቲከሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «እማማ እኮ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል» ይልና ያልፋል። አድለር ግን ጥፋቱን ከአያቷ ላይ አንስታ ብልቃጡ ላይ አደረገችው። ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ብልሃት ነው፤ ይህ ግን አቋም ነው።

አሮጌው ስቲከር

ያ ብርቱካናማ ብልቃጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገልግሎት ላይ ከዋለ ጀምሮ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየበትም። ትልቁ ለውጥ ክዳኑ ላይ የመጣው ነው። በ1970 በወጣ ሕግ ምክንያት ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን ተገጠመለት። ጽሑፉን ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

አድለር የብልቃጡን ጉድለቶች አንድ በአንድ ለቀመች። አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ስቲከሩ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ምንድን ነው? የፋርማሲው አርማ። ቀጥሎስ? የፋርማሲው አድራሻና ስልክ። የመድኃኒቱ ስምና አወሳሰዱ ከዚያ በታች፣ በትንሽ ፊደል ይመጣል። በሽተኛው መድኃኒቱን ከየት እንደገዛው ያውቃል። ራሱ ነው ሄዶ ያመጣው። የማያውቀው ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምግብ ጋር ይሁን ያለ ምግብ የሚለውን ነው። ስቲከሩ ግን የሚያውቀውን አስቀድሞ በትልቁ ይነግረዋል፤ የማያውቀውን ደግሞ ፈልጎ እንዲያገኝ ይተወዋል።

ሌላው የቁጥር ጉዳይ ነው። ስቲከሩ ላይ ምን እንደሆኑ ያልተነገረላቸው ቁጥሮች ተበትነዋል። «10» ይላል። 10 ፍሬ ነው? 10 ሚሊግራም ነው? 10 ቀን ነው? ፋርማሲስቱ በአንድ እይታ ይለየዋል። እቤት ያለው ሰው ግን ይገምታል። መድኃኒት ደግሞ በግምት አይወሰድም።

ቀለሙም ችግር ነበረበት። ማስጠንቀቂያዎቹ ብልቃጡ ጎን ላይ የሚለጠፉ ባለቀለም ቁራጭ ስቲከሮች ናቸው። ጥቁር ጽሑፍ በጠቆረ ብርቱካናማ መደብ ላይ ይታተማል፤ ፊደሉ ከመደቡ አይለይም። ሥዕሎቹም ግራ ያጋባሉ። «በባዶ ሆድ ይወሰድ» የሚለው ምልክት ለአድለር የመኪና ቤንዚን ታንከር ነው የመሰላት። በዚያ ላይ ብልቃጡ ክብና ቀጭን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ዞሮ ከጀርባ ይደበቃል፤ ለማንበብ ብልቃጡን እያሽከረከሩ መከተል ያስፈልጋል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ጎንዮሽ ጉዳት በዝርዝር የሚናገረው ወረቀት ደግሞ ለብቻው ተጣጥፎ ከረጢት ውስጥ ይገባና ከከረጢቱ ጋር ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።

እነዚህን ሁሉ ደርድራችሁ ስታዩ አንድ ነገር ይገለጣል። አብዛኞቹ የሕክምና ችግሮች አይደሉም። የታይፖግራፊ፣ ማለትም የጽሑፍ አቀራረብ፣ ችግሮች ናቸው። የፊደል መጠን፣ የቀለም ልዩነት፣ የመስመር ርዝመት፣ የአቀማመጥ ቅደም ተከተል። አንድ የሁለተኛ ዓመት የዲዛይን ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚማራቸው ነገሮች ናቸው። ማንም ወደ ፋርማሲ ይዟቸው አልሄደም እንጂ።

አንዲት ቀጭን መስመር

አዲሱ ብልቃጥ ብዙ የሚወራለት ነገር አለው። ቀይ ነው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ በክዳኑ ነው የሚቆመው። ለእኔ ግን የሥራው ልብ በስቲከሩ መሐል ያለፈችው አግዳሚ መስመር ናት።

አድለር መረጃውን ለሁለት ከፈለችው። ከመስመሩ በላይ በሽተኛው መድኃኒቱን በሚወስድባት ደቂቃ የሚያስፈልገው ብቻ ይቀመጣል። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አወሳሰዱ። ከመስመሩ በታች የቀረው ሁሉ ይወርዳል። የፍሬው ብዛት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ያዘዘው ሐኪም ስም። ምንም አልተሰረዘም። ቦታው ነው የተለወጠው። ፋርማሲስቱ የሚፈልገውን ያገኛል፣ ሕጉ የሚጠይቀው ይሟላል፣ በሽተኛው ደግሞ ከላይ ያለውን አንብቦ መድኃኒቱን ይውጣል።

ይህ ቀላል ይመስላል። ግን እያንዳንዱን መረጃ «አንተ የማን ነህ? ማን ነው የሚፈልግህ? መቼ?» ብሎ መጠየቅን ይጠይቃል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ፎንት በመምረጥ ይጀምራሉ። ፎንቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የትኛው መረጃ ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ካልተወሰነ የዓለምን ምርጥ ፊደል ብታመጡም የተጨናነቀውን ነገር አሳምራችሁ ማቅረብ ብቻ ነው የሚሆነው።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ታርጌት ሥራውን ሲወስደው ክላውስ ሮዝበርግ የሚባል በብሩክሊን የሚሠራ የኢንዱስትሪ ዲዛይነር ቀጠረ። ብልቃጡን በክዳኑ የማቆሙ ሐሳብ የእሱ ነው። ሰፊው ክዳን ታች ሲሆን ስቲከሩ ያለማቋረጥ ከፊት ተነስቶ በአናቱ ላይ ታጥፎ ወደ ጀርባ መውረድ ቻለ። የመድኃኒቱ ስም ደግሞ አናቱ ላይ ስለሚታተም ብልቃጡ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ከላይ ሲታይ ይነበባል። ዝርዝር መረጃ ያለው ካርድ ከስቲከሩ ጀርባ ይሰካል፤ አብሮ ስለሚኖር አይጣልም።

የአያትየዋ ችግር የተፈታው በአንገቱ ላይ በምትገባ ባለቀለም የጎማ ቀለበት ነው። 6 ቀለም አለ። አባት ሰማያዊ ከመረጠ የአባት ብልቃጦች ሁሉ ሰማያዊ ቀለበት ያደርጋሉ። እማማ ስሙን ለማንበብ መነጽር አያስፈልጋቸውም። ለሙያው ሰው ከዚህ ቀለበት የሚወሰድ አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ ለታይፖግራፊ ችግር ምርጡ መልስ ፊደል አይደለም። የሚነበበውን መቀነስ ነው።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ለማስተካከል አድለር ከሚልተን ግሌዘር ጋር ሠራች። ግሌዘር «ኒውዮርክን እወዳለሁ» የሚለውን በቀይ ልብ የተሠራ አርማ የነደፉት ሰው ናቸው፤ በ2020 አርፈዋል። በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፣ አድለርም በኋላ ስቱዲዮአቸው ውስጥ ተቀጥራለች። ሁለቱ ዋና ዋና የሚባሉትን 25 ምልክቶች እንደ አዲስ ሠሯቸው። ዝናቸው የዓለም የሆነ ሰው ቁጭ ብለው «ከወተት ጋር አይወሰድ» ዓይነት ደቃቅ ምልክት ላይ መድከማቸው ደስ ይለኛል። ሥራው ያንን ያህል ክብር ይገባዋል።

ለምን ከወረቀት ወጣ?

በየዓመቱ በየዲዛይን ትምህርት ቤቱ ድንቅ የመመረቂያ ሥራ ይሠራል። አብዛኛው በኤግዚቢሽን ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መጋዘን ይገባል። ይህኛው ለምን ወጣ?

አንዱ ምክንያት ትምህርቱ ራሱ ነው። አድለር የተማረችበት ፕሮግራም በስቲቨን ሄለርና በሊታ ታላሪኮ የተመሠረተ ነው። ተማሪው የራሱን ሐሳብ ከጥናት እስከ ገበያ እንዲያደርስ ነው የሚጠይቀው። «ሥዕሉን አሳየኝ» ብቻ ሳይሆን «ማን ይገዛዋል? ማን ያመርተዋል?» ይላል። ሌላው ምክንያት ሐሳቡ አንድ ሱቅ ካለው ፍላጎት ጋር መገጣጠሙ ነው። ቀይ ለአድለር የጥንቃቄ ቀለም ነው። ቀይ ለታርጌት ደግሞ የራሱ መለያ ነው። የሱቁ የፈጠራ ኃላፊ የነበረችው ሚንዳ ግራልኔክ ሥራውን ስታይ ሁለቱንም ነው ያየችው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙም አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ወሳኙ እሱ ይመስለኛል። ስርዓቱ የፋርማሲስቱን ሥራ አላከበደም። ስቲከሩ፣ ካርዱ፣ የመረጃ ወረቀቱ ሁሉ ተቀዶ ከሚለያይ ከአንድ ነጠላ ወረቀት ነው የሚወጡት። አንድ ጊዜ ይታተማል፣ ይቀደዳል፣ ይለጠፋል። ወረፋ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ፊት የቆመ ፋርማሲስት ሥራውን የሚያበዛበትን ነገር ለሁለት ሳምንት ይታገሠው ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ድሮው ይመለሳል። በጤና ላይ የሚሠራ ዲዛይን ሁለት ተጠቃሚ አለው፤ የሚታከመውና የሚያክመው። ተማሪዎች ሁለተኛውን ይረሱታል።

ውጤቱስ?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ብልቃጡ በወጣበት ሰሞን ታርጌት ባስጠናው የአስተያየት ጥናት በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች 60 በመቶው መድኃኒት አሳስተው ወስደው እንደሚያውቁ ተነግሮ ነበር። ሻጩ ያስጠናው ስለሆነ እኔ ብዙ አልደገፍበትም። ከእሱ ይልቅ በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት ይበልጥ ያሳስበኛል። ተመራማሪዎቹ 395 ሰዎችን የተለመዱ የመድኃኒት ስቲከሮች አስነበቧቸው። አንደኛው «በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ፍሬ በአፍ ይወሰድ» የሚል ነበር። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆነው መካከል 70.7 በመቶው ዓረፍተ ነገሩን በትክክል ተናገሩት። ቀጥሎ ግን «እሺ፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደምትወስድ ቆጥረህ አሳየኝ» ተባሉ። በትክክል 4 ፍሬ ቆጥረው ያሳዩት 34.7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት። ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ አልገባውም። ተማሪ ሥራውን ሊፈትን ወጥቶ «ይነበባል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «አዎ» ይሆናል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው።

ክሊር አርኤክስስ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ አደረገ ወይ? በ2009 ይህንኑ የመረመረ ጥናት ታትሟል። በታርጌት ፋርማሲ መድኃኒት የሚወስዱትን ከሌላ ፋርማሲ ከሚወስዱት ጋር አነጻጸረ። መድኃኒትን ሳያቋርጡ በመውሰድ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እና ዲዛይኑ ከሸፈ ማለት ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ዋጋው ስለከበደው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ስላስቸገረው፣ የተሻለው ስለመሰለው፣ ተስፋ ስለቆረጠ ነው። ይህን ስቲከር አይፈታውም። ስቲከር የሚፈታው የአያትየዋን ችግር ነው፤ የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚወሰድ። የተለካው ሌላ፣ የታሰበው ሌላ ነው። ያም ሆኖ ጥናቱ ለሙያው ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። «ዲዛይኔ ሕይወት ያተርፋል» ብሎ ከመናገር በፊት በትክክል የትኛውን ስህተት እንደሚያስቀር ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ ስህተት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

የሱቁ መሸጥ

በ2015 ታርጌት ፋርማሲዎቹን በሙሉ ሲቪኤስ ለተባለው የፋርማሲ ሰንሰለት ሸጠ። ከ1,600 በላይ ፋርማሲዎች፣ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር። ሽያጩ በታኅሣሥ ተጠናቀቀ። በቀጣዩ ዓመት ቀዩ ብልቃጥ ቀረ፣ የድሮው ክብ ብርቱካናማ ብልቃጥ ተመልሶ መጣ።

ደንበኞች አዘኑ፣ ተናደዱም። በማኅበራዊ ሚዲያ ቅሬታቸውን ጻፉ። አሮጌውን ቀይ ብልቃጥ ሳይጥሉ አስቀምጠው አዲሱን መድኃኒት እየገለበጡ የተጠቀሙ ነበሩ። ስንት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው ሰው «መልሱልን» ብሎ የጮኸለት? ለአንድ ዲዛይነር ከሙዚየሙ ክብር ይልቅ ይህ ምስክርነት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ግን ነገሩ ያማል። ለደህንነት የሚጠቅም ነገር የአንድ ሱቅ ንብረት ሲሆን ከሱቁ ጋር ይሸጣል፣ ከሱቁ ጋር ይቀራል። ያኔም ቢሆን በሌላ ፋርማሲ የሚገለገለው አብዛኛው ሕዝብ አላገኘውም ነበር። የትራፊክ መብራት በየሰፈሩ ቀለሙ ቢለያይ ማን ይነዳ ነበር? የመድኃኒት ጽሑፍ አቀማመጥም የሕዝብ ስርዓት እንጂ የንግድ መለያ መሆን አልነበረበትም።

ደግነቱ አድለር አልተወችውም። ከሲቪኤስ ጋር ሠርታ በጥቅምት 2017 ስክሪፕት ፓዝ የተባለ አዲስ ስርዓት ይፋ ሆነ። በዚህኛው ብልቃጡ አልተለወጠም። ጽሑፉ ነው የተለወጠው። ቀኑ ለአራት ተከፈለ፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ ምሽት፣ የመኝታ ሰዓት። ለእያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው፣ ከምልክቱ ጋር ስንት ፍሬ እንደሚወሰድ ይጻፋል። በዚያ ላይ በሽተኛው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ገጽ ተሰባስበው የሚታተሙበት የቀን መርሐ ግብር አለ። ሐሳቡ ከ2002ቱ ጋር አንድ ነው። ፕላስቲኩን ለቀቀ እንጂ። እኔ እንዲያውም ይህኛው ይበልጥብኛል፤ በወረቀት ብቻ የሚሠራ ስለሆነ የትም ሊሄድ ይችላል።

ወደ እኛ ቤት ሲመጣ

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እናት አባት ያለው ሰው ይህን ጉዳይ በሩቁ አያየውም። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል እያለ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረ ብልቃጥ አለ። ስቲከሩ በእንግሊዝኛ ነው። ልጆች ማርከር አንስተው ክዳኑ ላይ «ጠዋት»፣ «ማታ» ብለው ይጽፋሉ። አድለር ስሙን አናቱ ላይ ስታደርግ ያሰበችውን እነሱም አስበውታል። ሌላም አለ። ስቲከሩ ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ እማማ በአገር ቤት አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ ማለትም ከቀትር በኋላ፣ ሊወስዱት ይችላሉ። የፀሐይ መውጫ ሥዕል ግን በየትኛውም አቆጣጠር ጠዋት ነው።

አገር ቤት ደግሞ ሁኔታው ሌላ ነው። ብዙው መድኃኒት በካርቶንና ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በታሸጉበት ሉህ (ብልስተር) ነው የሚመጣው። ፋርማሲስቱ እስክሪብቶ አንስቶ ካርቶኑ ላይ «1×3» ብሎ ይጽፋል፣ በቃልም ይናገራል። ለእሱ ግልጽ ነው። እቤት ላለችው ልጅ ግን 1×3 «በቀን አንድ፣ ለ3 ቀን» ሊመስላት ይችላል። ያ «10» የሚለው ቁጥር እዚህም አለ ማለት ነው። ለዚህ ቀይ ብልቃጥ አያስፈልግም። አራት ሳጥን ያላት ትንሽ ስቲከር ትበቃለች። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ መኝታ። ፋርማሲስቱ በየሳጥኑ 1 ወይም 0 ይጽፋል። 1×3 ከመጻፍ ብዙም አይረዝምም፣ እና ይህ ወሳኝ ነው።

የአማርኛ ታይፖግራፊ የራሱ ጣጣ አለው። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው በዚያ ቅደም ተከተል ይፈጥራል። እኛ የለንም። ያለን መጠን፣ ውፍረትና ክፍት ቦታ ነው። ፊደሎቻችን ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያዩት። ሱ እና ሲ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት ቅጥያዋ መሐል በመሆኗ ወይም እግር ሥር በመውረዷ ነው። ጽሑፉ ሲያንስ ቅጥያዋ ትጠፋለች። ውፍረት ሲጨመር ደግሞ ክፍተቱ ይደፈናል። በተለይ ኒያላን የመሰለ አንድ ውፍረት ብቻ ያለውን ፎንት ኮምፒውተሩ በግድ ሲያወፍረው በትንሽ መጠን ፊደሉ የቀለም ነጠብጣብ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተለያየ ውፍረት ኖሮት ስለተሠራ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይሻላል። ቢሆንም አታሚው ማሽን ላይ ሳይሞከር መታመን የለበትም። ስክሪን ላይ ያማረው ርካሽ ስቲከር ላይ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ከምግብ በፊት» እና «ከምግብ በኋላ» እኩል ርዝመት አላቸው፣ የሚጀምሩትም በአንድ ቃል ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «ከምግብ» የሚለውን አይቶ ይተወዋል። ስለዚህ «ከምግብ» ቀጭን፣ «በፊት» ወፍራምና ትልቅ ይሁን። ወይም ባዶ ሳህንና ሙሉ ሳህን ይሣል። የትኛው እንደሚሻል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መወሰን አይቻልም።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ያለው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ ግራፊክ ዲዛይን የሚማር ሰው ይህን ርዕስ ለመመረቂያ ቢይዘው የምመክረው። ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ፈቃደኛ የሰፈር ፋርማሲ፣ አንድ ፋርማሲስት አማካሪ፣ አንድ የስቲከር ጥቅል። አወሳሰዱን የሚያርመው ፋርማሲስቱ ይሁን፤ ተማሪው አቀማመጡን ብቻ ይሥራ። ለሙከራ እውነተኛ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይበቃል። ስቲከሩን ለእናት፣ ለዘበኛው፣ ለጎረቤት ይስጥና «ምን ይላል?» ብሎ አይጠይቃቸው። «የዛሬውን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ» ይበል። ከዚያ ፎቶ ያንሳ። መምህራኑም ውጤት ሲሰጡ ከፖስተሩ በፊት እነዚያን ፎቶዎች ይጠይቁ።